አብረውኝ የተማሩ

ቅዳሜ
ዛሬ ብርቄ ያዘችኝ። ስንቋን ልትወስድ ከመሐል ሜዳ ከተማ ስትመጣ ሁልጊዜ ከአጥር ጀርባ አይቻት ነው የምመለሰው።

"አንቺ! ከእኔም ትደበቂያለሽ?" አለችኝ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። አሁን እሷ አሥረኛ ናት። ብቻዋን ተከራይታ ትኖራለች፣ ራሷ ታበስላለች፣ መንገድ ላይ ወንድ ቢለክፋት መልስ አታጣም። እኔ ብሆን አለቅሳለሁ። "ክፍሌ ለሁለት ይበቃል፤ ምዝገባው ሳይዘጋ ነይ" አለችኝ።

ስምንተኛን ሳልፍ አባባ "ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ አትኖርም" ብለው አስቀርተውኛል። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ነገር አንስቼላቸው አላውቅም።

እሁድ
ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ጌጡ ቀደሰ! የክፍላችን ረባሽ፣ ወንበሬ ላይ እንቁራሪት ያስቀመጠው ጌጡ። ከእኛ ተለይቶ ቆሎ ተማሪ ሆነ፤ አሁን ዲያቆን ነው። ምስባኩን ሲያዜም አሮጊቶቹ አለቀሱ። እኔም ትንሽ።

ስንወጣ "እንዴት አደሩ?" አልኩት። ብርቄ በሳቅ ሞተች።

"እግሬንም እጠቢኝ እንግዲህ!" አለኝ።

ብርቄ ስለ ምዝገባው ነገረችው። "ለምን አባትሽን አትጠይቂያቸውም?" አለ። አንገቴን ደፋሁ።

"እንግዲያው ሽማግሌ እንልካለን።"

የቀለደ መሰለኝ።

ሰኞ
አልቀለደም። በጠዋት የብርቄን አባት፣ ጋሽ ተፈራን፣ ይዞ መጣ። አባባ "ግቡ፣ ተቀመጡ" ቢሉ፣ "ለጉዳይ ነው የመጣነው፤ ሳትሰሙን አንቀመጥም" ብለው በር ላይ ቆሙ።

የአባባ ፊት ተለዋወጠ። "ልጄ ለትዳር አልደረሰችም። ለመሆኑ ለማን ነው?" ብለው ጌጡን ከላይ እስከ ታች አዩት። ጌጡ ላብ አጠመቀው። እኔ ጓዳ ሆኜ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ኧረ ለትምህርት ነው ወንድሜ!" አሉ ጋሽ ተፈራ። "ከብርቄ ጋር ትኑርና ትማር።"

"ለትምህርት ሽማግሌ?" አባባ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "ለእሁድ ተመለሱ" አሉ።

ቀጠሮ ምንም ማለት አይደለም። ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ እምቢ ሊሉ ሲያስቡም ይቀጥራሉ።

ጌጡ ግን ለእኔ ብሎ ያን ሁሉ ቆመ። እኔ ለራሴ እንኳ አልቆምኩም።

ማክሰኞ
 ዛሬ ከአባባ ጋር በጎቹን ስናስገባ "አንቺስ? አፍ የለሽም?" አሉኝ።

"መማር እፈልጋለሁ።"

"ምን አልሽ?"

"መማር እፈልጋለሁ አባባ!" ሳላስበው ጮህኩ። በጎቹ ደነገጡ።

አባባ የበረቱን በር ዘግተው ገቡ።

እራት ላይ ግን እማዬን "ለእሁድ እንዲደርስ ጠላ ጥመቂ" አሏት። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። እምቢ ለሚላቸው ሽማግሌዎች ጠላ የሚጠምቅ ሰው አላውቅም። አባባ ግን አይታወቁም። አሁን እማዬ ጋኑን እያጠበች ነው፤ ላግዛት ልሂድ።