አንድ አማቴን አሥር አድርገው ለቆጠሩልኝ የሙቅ ውሃ ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር የሙቅ ውሃ መጠን ወሳኝ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት፣ እንዲሁም በቢሮዎ ጓዳ ተተክላለች እየተባለ የሚወራላትን የግል ማሞቂያ ደህንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴና ልጄም ደህና ናቸው። አማቴ ግን ደህና አይደሉም፤ ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ከመላክ ይልቅ ሰው ሁሉ እያየው ለመጻፍ የተገደድኩትም በእሳቸው ምክንያት ነው።

በአንድ ማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ሆኜ ሃያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የሰው ስህተት መልቀም ስለሆነ ስህተት ሳይ አልቆጣም፤ የምኖረው በእሱ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤትዎ ውሳኔ ሲደርሰኝ፣ እንዲህ ሙሉ የሆነና ማኅተም ያረፈበት ስህተት በሙያዬ ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ አድናቆት መሆኑን አልደብቅዎትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ሰዎች እንኖራለን፤ እኔ፣ ነርስ የሆነችው ባለቤቴ፣ ከመስታወት ፊት የማትጠፋው የአሥራ አምስት ዓመት ልጃችንና አማቴ። አማቴ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን ጣቶቻቸውና ጉልበታቸው ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ስለሚሏቸው፣ ሐኪማቸው በየማለዳው ሩብ ሰዓት ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዲቆዩ አዟል። ከቆዩ የቀሚሳቸውን ቁልፍ ራሳቸው ይቆልፋሉ። ካልቆዩ ልጃቸው ትቆልፍላቸዋለች፤ የስንቱን ሰው ልብስ ቁልፍ ሲተክሉ የኖሩት ሴት ዓይናቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው እንደ ሕፃን ሲቆለፍላቸው ማየት አንጀት ይበላል።

የድሮዋ ማሞቂያችን ሆዷ ዝጎ ማፍሰስ ስትጀምር ቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ሰውየው ቁም ነገሩ ስንት ሰው ይኖራል ሳይሆን ስንት ሰው ተከታትሎ ይገባል የሚለው እንደሆነ ነገረን። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ከሆናችሁ ሰማንያ ሊትር ይበቃችኋል፣ ካነሰ የመጨረሻው ሰው ሳሙናውን ሳያስለቅቅ እየጮኸ ይወጣል፣ ከበዛ ደግሞ ማንም የማይነካውን ውሃ ስታሞቁ ትኖራላችሁ አለ። ይህን ሁሉ ለማለት አንድ ብሎን የሚጠብቅበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። መመሪያዎ ግን በሕንፃዎቹ ውስጥ የሚተከል ማሞቂያ ሁሉ መጠኑ በክፍልዎ እንዲወሰን ስለሚያዝ ቅጽ ሞላሁ። ቅጹ በቤቱ ውስጥ ማን መቼ እንደሚታጠብ በዝርዝር እንድገልጽ ጠየቀኝ፤ እኔም እንዲህ ብዬ ገለጽኩ፦ «እኔ ማታ እታጠባለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ትታጠባለች። ልጃችን ጠዋት ትታጠባለች። አማቴ ጠዋት ይታጠባሉ።»

ምስጋናዬም አቤቱታዬም የሚነሱት ከዚህችው «ይታጠባሉ» ነው።

1ኛ) አንቱ የተባሉት የክፍልዎ ባለሙያ «ይታጠባሉ» የብዙ ቁጥር መሆኑን ደርሰውበታል። አንድን ሰው ስናከብር በብዙ ቁጥር እንደምንጠራው፣ ይህንንም ገና አፋቸውን የሚፈቱ ልጆች ሳይቀሩ እንደሚያውቁት ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር፤ እሳቸው ግን መመሪያው ስለ ቁጥር እንጂ ስለ አክብሮት የሚለው ነገር እንደሌለ ገጹን ገልጠው አሳዩኝ። ቁጥሩ ያልተጠቀሰ ብዙ እንደ አሥር ስለሚወሰድ፣ አሥር አማቾችና እኛ ሦስታችን ተደምረን አሥራ ሦስት ሆንን። ከአሥራ ሁለት በላይ ታጣቢ ያለበት ቤት ደግሞ የሕዝብ መታጠቢያ ስለሆነ ባለ አምስት መቶ ሊትር የማሞቂያ ታንከር ተፈቀደልን። አማቴ በሰባ አራት ዓመታቸው እንዲህ መብዛታቸውን ስነግራቸው፣ አንድ ሳሉም ቤቱ ይጠባቸው እንደነበር አስታወሱኝ።

2ኛ) ታንከሩን ስድስት ተሸካሚዎች አመጡት። በመታጠቢያ ቤቱ በር አልገባ ሲል፣ ለብዙኃኑ ተጠቃሚ ቅርብ በሆነ ስፍራ ይተከል በሚለው ትእዛዝ መሠረት አማቴ መኝታ ቤት ውስጥ ተተከለ፤ አልጋቸውም ኮሪደር ላይ ወጣ። በዚህ ቸርነትዎ ታንከሩ በሰላም እንደሚተኛ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ። ማብሪያውን ስንጫነው የፎቁ ሁሉ መብራት ይጠፋል፣ ጎረቤታችንም ካውያዋን ይዛ በሩን ልትሰብር ትመጣለች፤ ስለዚህ አጥፍተነዋል። በአጭሩ የአምስት መቶ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ባለቤቶች ሆነናል። ለአማቴ በድስት እናሞቅላቸዋለን፤ ድስት ውስጥ ጣት ይገባል፣ ጉልበት ግን አይገባም።

3ኛ) በራችን ላይ «የሕዝብ መታጠቢያ» የሚል ሰሌዳ ስለሰቀሉልን እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ ብቸኝነት የሚባል ነገር አናውቅም። ምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ፀጉራቸው አንገታቸው ላይ የተበተነባቸውን ደንበኞቹን ወደ እኛ ይልካል። ባለፈው ሳምንት አንድ የእግር ኳስ ቡድን ከነተጠባባቂዎቹ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑን ብነግራቸው አሰልጣኙ ለጡንቻ ጥሩ ነው ብሎ አስገባቸው። ልጄ በዚያ ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። ሰሌዳውን እንዳላወርደው የመንግሥት ንብረት ነው ተብያለሁ።

4ኛ) ቅሬታዬን አክብረው ተቆጣጣሪ ስለላኩልኝ ደግሞ ምን ብዬ ላመስግንዎ። ተቆጣጣሪው አሥሩን አማቾቼን ለማየት መጣ። አማቴን ኮሪደር ላይ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸውና የቀሩት የት እንደሄዱ ጠየቃቸው። እሳቸውም በትሕትና፣ «እኔው ነኝ ልጄ፣ ከነሕመሜ አንድ ነኝ» አሉት። አልጋ ሥር አጎንብሶ አየ፣ በር ላይ ያለውን ነጠላ ጫማ ቆጠረ፣ ከዚያም «ከአሥሩ አንዷ ብቻ ተገኝታ ቃሏን ሰጥታለች፤ ሌሎቹ በሥራ ሰዓት በቦታቸው አልተገኙም» ብሎ ጻፈ። ለወንድና ለሴት የተለየ ሰዓት ስላልመደብንም ማስጠንቀቂያ ሰጥቶን ሄደ።

5ኛ) በመጨረሻ ከክፍልዎ አንድ መልካም ምክር ደረሰኝ፤ ተጠቃሚዋ በእርግጥ አንድ ከሆነች «ትታጠባለች» ተብላ በቅጹ ላይ ትስተካከል የሚል። አንዲት ቃል ናት። በቀን በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት የማርም ሰው አንዲት ቃል ማረም ሊያቅተኝ አይገባም ነበር። አቃተኝ፤ ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ስምንት ቀን ተቀመጠ።

ለምን እንዳቃተኝ ልንገርዎ። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ልጃቸውን ማግባት እንደምፈልግ ልነግራቸው ስሄድ፣ ጥፍሩ ከቀለም ያልጸዳ፣ የኮቱ ክርን የተቀደደ፣ ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት የሞላው ሰው ነበርኩ። አለቃዬ «አንተ» ይለኝ ነበር፤ ዘበኛው ያፏጭልኝ ነበር። በሕይወቴ መጀመሪያ አንቱ ያሉኝ አማቴ ናቸው። ኮቴን አስወልቀው ክርኑን እየሰፉ፣ ሻይ ይጨመርልዎ ወይ አሉኝ፤ ሌላ እንግዳ የመጣ መስሎኝ ወደኋላዬ ዞሬ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም እሳቸውን በስህተት እንኳ በነጠላ ጠርቼ አላውቅም።

ቅጹን ያስሞሉኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት አጠገቤ መጥተው ቆሙና፣ «እሷ ይበሉኝና ይገላገሉ፤ ጣቶቼ እንደሆኑ አንቱ ስለተባልኩ አልተፍታቱም» አሉኝ። እኔም «ይታጠባሉ» የሚለውን ሰርዤ «ትታጠባለች» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው እንደ እንግዳ ቆመው አዩኝ። አፈርኩ፣ ክቡር ሆይ፤ በቤቴ ውስጥ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ አፈርኩ።

መልስዎ በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ፤ ለፍጥነቱ ምስጋና ይግባዎ። ሰማንያ ሊትር ማሞቂያ እንደሚገባን አምነዋል። ነገር ግን በቤቱ ተመዝግበው የነበሩ ዘጠኝ ታጣቢዎች ከመዝገብ መጉደላቸው ስለታወቀ፣ የት እንደደረሱ በጽሑፍ እስኪገለጽ ድረስ ተከላው ታግዷል ይላል።

እንግዲህ ይኸው በጽሑፍ እየገለጽኩ ነው። ዘጠኙ አክብሮቴ ነበሩ። ሰርዝ አላችሁኝ፣ ሰረዝኳቸው። ከእነሱ ሌላ የጠፋ ሰው የለም፤ የቀሩት አንዷ ዛሬም ጠዋት ቀሚሳቸው ሳይቆለፍ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ልጃቸው ከአዳር ሥራ እስክትመለስ ጠብቀዋል። እኔ ልቆልፍልዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ስለዚህ ሰማንያ ሊትሯን ማሞቂያ ላኩልን፣ ታንከሩንም አንሱልን፤ ሌላ የምንፈልገው ነገር የለም።

ክፍልዎ ለቁጥር ያለው ታማኝነት እንዲበዛ፣ ፊርማዎ እንዳይደበዝዝ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ በሦስተኛ ፎቅ፣ በአምስት መቶ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጥላ ሥር፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

አሥር አማቾች የነበሩኝ ጽሑፍ አራሚ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዬን መልሼ ሳርም እርስዎን ከዳር እስከ ዳር በብዙ ቁጥር እንደጠራሁዎ አየሁ፤ ባለሙያዎ ይህን ሲያነቡ በቢሮዎ ውስጥ አሥር ኃላፊዎች አሉ ብለው ለአሥሩም ወንበር እንዳያስገዙ ሰጋሁ። ስለዚህ መመሪያውን አክብሬ ጥያቄዬን በነጠላ ልድገመው፦ አንተ ሰውዬ፣ ና ታንከርህን ውሰድ። የአማቴን ለመጻፍ ስምንት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ይህኛው አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝም።