ገብስማዋ የት ትደር?

ማክሰኞ

ደም። ጠዋት የዶሮ ቤቱን ስከፍት የገብስማዋ ጀርባና እግር ደም ነበር። ስድስቱ የኔ ዶሮዎች ምንም እንዳላደረጉ ቆጡ ላይ ተኮልኩለዋል። እሷ መሬት ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጥግ ይዛለች።

ይቺ ዶሮ የኔ አይደለችም። አክስቴ ዘንገና ያለውን ቤታቸውን ዘግተው ጫግኒ ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ፣ "በእርቢ ያዥልኝ፤ የምትፈለፍለውን እኩል እንካፈላለን" ብለው ትተውልኝ ሄዱ። መካፈሉ ለወጉ ነው። ከእናታቸው ዶሮዎች ዘር የቀረችው እሷ ብቻ መሆኗን ሁለታችንም እናውቃለን። እሑድ ሊያዩዋት ይመጣሉ። ሞታ ብትቆያቸው ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?

ቁስሏን በጨው ውኃ አጠብኩላት። እግሯ ላይ ያሰርኩላት ቀይ ሪባንም ቆሽሾ ነበር፣ በአዲስ ቀየርኩት። የመዘምራን ልብስ ስሰፋ የተረፈኝ ነው፤ የአክስቴ መሆኗ እንዲታወቅ ብዬ ነው ያሰርኩት። ጥፋቱ የቤቱ መሰለኝ። ቆጡ ደረጃ በደረጃ ስለሆነ ላይኛውን ለመያዝ ይጣላሉ።

ረቡዕ

ለዓርብ ቃል የገባሁባቸውን ሁለት ቀሚሶች ትቼ ጋሽ ደምሴን ጠራሁ። መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩ ጎረቤቴ ናቸው። ሦስቱንም ቆጥ እኩል ከፍታ ላይ አደረጉልኝ። እኔ በልብስ ሜትሬ ለካሁ፤ ለእያንዳንዷ ከስንዝር በላይ ይደርሳታል። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ልኬት አይጠፋኝም።

ሲመሽ ቆሜ አየሁ። ስድስቱ አንዱን ቆጥ ሞሉት። ሁለቱ ባዶ ቀሩ። ገብስማዋ ባዶው ላይ ስትወጣ ነጯ ዶሮ ከተመቻቸችበት ተነሥታ፣ እዚያ ድረስ ሄዳ አወረደቻት። ቦታ ሞልቶ! ምን አጥታ ነው? እኔስ ምን አጠፋሁ?

ሐሙስ

ምግቡ ይሆናል አልኩ። አንድ የነበረውን የመኖ ዕቃ ሦስት አድርጌ አራርቄ አስቀመጥኩ። ነጯ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሮጠች ስትከለክል ራሷ ሳትበላ ዋለች። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ።

ጋሽ ደምሴ እንዳይተያዩ አድርጊ አሉኝ። ከቀርከሃ መከለያ ሠርተው መሐል አቆሙ፤ ተባርራ እንዳትያዝ በሁለቱም በኩል ማለፊያ አለው። ጥግ ለዶሮ ወጥመድ ነው ይላሉ። እሳቸው ዶሮ የላቸውም።

ዓርብ

ገብስማዋ ከመከለያው ጀርባ እንቁላል ጣለች! ትንሽ፣ ሞቃት። በእጄ ይዤው ቆየሁ።

ከሰዓት በኋላ ግን እግሯን እንደገና ነቆሯት። ይብቃ ብዬ ቤት አስገባኋትና ካርቶን ውስጥ፣ የስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀመጥኳት። ሰላም ታገኛለች ብዬ ነበር። ስትጮህ ዋለች። እሷን ሳይ የአንዱን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ፈታሁት። የቀሚሱን ባለቤት ነገ ነይ ስላት ፊቷ ጠቆረ።

ቅዳሜ

ወደ ዶሮ ቤቱ መለስኳት። ባሰ! አንድ ቀን ብትለይ ጭራሽ ባዳ አደረጓት። አምስቱም ከነጯ ጋር ተባበሩባት፣ ያቺ ዝምተኛዋ ጥቁሯ ሳትቀር።

ቆጡን አስተካክያለሁ፣ ምግቡን ከፋፍያለሁ፣ መከለያ አቁሜያለሁ፣ ለይቻታለሁ። ሌላ ምን ቀረኝ? እንጃ።

ገበያ ወጥቼ ለአክስቴ አዲስ ባለአበባ ኩባያ ገዛሁ። ማንም እንዳይነካው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻው አኖርኩት። በዚህ እንኳ ደስ ይበላቸው።

እሑድ

በሚኒባስ መጡ። ከስተዋል። በባለአበባው ኩባያ ሻይ ቀዳሁላቸውና ኩባያቸውን እንደያዙ ዶሮ ቤቱ በር ላይ ተቀመጡ። ስለ ቆጡ፣ ስለ መከለያው፣ ስለ ልኬቱ እያስረዳሁ ነበር። አልሰሙኝም መሰለኝ። ዶሮዋን ብቻ ያያሉ።

"ይህን ጨርቅ ማን አሰረባት?"

እኔ ነኝ፣ የእርስዎ መሆኗ እንዲታወቅ ብዬ ነው አልኳቸው።

"ለማን እንዲታወቅ? እኔ አውቃታለሁ፣ አንቺም ታውቂያታለሽ። እነዚህ ናቸው ማወቅ የሌለባቸው።"

ያዟት። ቋጠሮው አልፈታ ሲል በጥርሳቸው ፈቱት። ሪባኑን ሳየው አፈርኩ። የሚነቁሯት እግሯን፣ ቀዩን እያዩ ነበር፤ እኔ ደግሞ እየቆሸሸ በአዲስ እቀይርላታለሁ።

አክስቴ ዶሮዋን ከለቀቁ በኋላ ቀስ ብለው፣ "ጫግኒም የራሴን ኩባያ ገዝተውልኛል። ልጄ አክብሮኝ ነው። ማንም አይጠጣበትም" አሉ።

ከዚያ ባለአበባውን ኩባያ መሬት ላይ አስቀመጡት።

ሰኞ

ገብስማዋ ቆጥ ላይ አደረች! ዳር ላይ ናት፣ ግን ከጥቁሯ ጎን። ማለዳ ነጯ አንዴ ጠቅ አድርጋት ተወቻት። ሪባኑ ይሁን፣ መከለያው ይሁን፣ ወይስ ለምደዋት ይሁን፣ አላውቅም። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ቀያይሬ አሁን ማንን ላመስግን?

ቁርስ ላይ ባለአበባውን ኩባያ ለራሴ ቀዳሁ። እኔ ጋ ላደሩት አክስቴ እጀታው የተሰበረውን፣ የዘወትሩን የኔን ሰጠኋቸው። ኩባያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ጠጡ።

የሦስት ሰዓቱ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብለው ነበር። አሁን አራት ሰዓት ተኩል ነው። ቦርሳቸው አልጋው ሥር ነው፤ እሳቸው ዶሮ ቤቱ በር ላይ መኖ እየበተኑ ነው። እኔም አላስታወስኳቸውም።