ጭላዳ ፊት ጥርስ አይታይም

ሎስ አንጀለስ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለአምሃ፤ ደባርቅ

አምሃዬ፣ ብርዱ እንዴት አደረገህ? ያቺ የላክሁልህ ጃኬት ለበቅሎ ነጂው እንደተሰጠች ጠርጥሬ ሌላ ልኬልሃለሁ፤ ይቺን እንኳ እባክህ አንተው ልበሳት። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዬን የምታደርስልህ እዚህ ፌርፋክስ ላይ የአውሮፕላን ትኬት የምትቆርጠው ፀዲ ናት፤ ጥምቀትን ጎንደር ልታከብር ነው የምትመጣው። በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ስልክ ላይ ታስቀኛለህ። ቁም ነገር ላነሳ ስል ስለ አንዱ ፈረንጅ ወይ ስለ አንዱ ዝንጀሮ ቀልድ ታመጣና፣ ሳቄን ሳልጨርስ ኔትወርኩ ይሄዳል። ወረቀት ግን አይቋረጥም።

ባለፈው ቅዳሜ እኛ ምግብ ቤት ከሳንታ ሞኒካ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት፣ ገቡ። ሽሮ ከነቃሪያው አዘዙ። ሴትየዋ እንጀራውን በቀኝ እጇ አሳምራ ስትጠቀልል አይቼ ማን እንዳስተማራት ጠየቅኋት። ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያዩ ኢትዮጵያ ሄደው ሰሜን ተራሮች ላይ ሦስት ቀን በእግራቸው እንደተጓዙ፣ ያስተማራቸውም አስጎብኚያቸው እንደሆነ ነገረችኝና ስልኳን አወጣች። መቼም ፈረንጅ ፎቶ ማሳየት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ገደል፣ ደመና፣ የጭላዳ ጀርባ፣ እንደገና ገደል። ከዚያ አንተ መጣህ።

ቢጫ አበባ መሀል ቁጭ ብለሃል። ጭላዳዎቹ ዙሪያህን ሣር ይነጫሉ። ባልና ሚስቱ ከጎንህ አፋቸውን ገጥመው ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ይመስላሉ። ምነው ኮስተር አላችሁ ብላት፣ «አምሃ ጥርስ አታሳዩ ብሎን ነዋ!» አለች። ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን የሚያሳየው ለጠብ ስለሆነ እፊቱ ፈገግ አይባልም ብለሃቸዋል። ባሌ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን ከፎቶው በላይ የተጻፈው ቀን ላይ አረፈ። በልቤ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት፤ ጥቅምት አጋማሽ። ታይፎይድ ጣለኝ፣ ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ለኤምባሲው የቪዛ ቀጠሮ አዲስ አበባ ሳልደርስ ቀረሁ ያልከኝ ሳምንት ነው።

ጥርስ ባዳ ነው፤ ሳቅሁላት።

እሷ ወሬዋን ቀጠለች። አንድ ቀን እሳት ዳር፣ አሜሪካ መምጣት አትፈልግም ወይ ብላ ጠይቃህ ነበር አሉ። «ሚስቴ እዚያ ናት» አልካት። «ግን ብሄድ የማውቀው ሰው እሷን ብቻ ነው። እዚህ ዝንጀሮው ሁሉ ያውቀኛል። ሥራ ውላ ደክሟት ስትገባ ቤት ቁጭ ብዬ የምጠብቃት ሸክም እንዳልሆንባት እፈራለሁ።» ሴትየዋ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሚስቱ ይህን ታውቅ ይሆን?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። ሻይ ልጨምርላችሁ ብያት ወደ ጓዳ ገባሁ።

አሠሪዬ ጋሼ ተክለብርሃን ፊቴን አይተው ተከተሉኝ። ሽንኩርት መክተፍ ጀምሬ ስለነበር እንባዬ አላሳፈረኝም። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሙሉዬ፣ ሌላ ሴት ይዞ ቢሆን እሺ» አሉ። «በዝንጀሮ የተቀደመች ሚስት ግን ሳይ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

ሳላስበው ሳቄ መጣ።

«ሶ፣ ኢንተርቪውው ሪስኬጁል ተደርጓል አይደል? ለመቼ ነው?»

«ለሰኔ፣ ጋሼ። ያ ካለፈ ኬዙን ይዘጉታል።»

«ኦኬ። እንግዲያው እስከ ሰኔ በስልክ አትጨቅጭቂው። ስልክ ላይ ያልተገኘ ሰው በእግር ይፈለጋል።»

አምሃ፣ ተናድጃለሁ። ለዚያ ታይፎይድህ ማርያም ሄጄ ተስያለሁ፤ አሁን ስዕለቱን ላስገባ ወይስ ልተወው ግራ ገብቶኛል። ከውሸቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን፣ በሦስት ቀን ለተዋወቅሃት ሴት የነገርከውን ከሠርጋችን ወዲህ በነዚህ ሁለት ዓመታት ለእኔ ትንፍሽ አለማለትህ ነው።

ንዴቴ በረድ ሲል ደግሞ ማሰብ ጀመርኩ። እኔ ያዘጋጀሁልህ ሥራ ፓርኪንግ ነበር፤ እዚያ የሚሠራ ምስጋና የሚባል ልጅ «እኔ ጋ አስገባዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ መንጋ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛዋ እንደወለደች የምትለየውን ሰው፣ የሰው መኪና ሲደረድር ሳስበው እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ከበደኝ። ትፈልገዋለህ ወይ ብዬም አልጠየቅሁህም። ግን እኔም እዚህ ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም። ኮሪያታውን ያለው ክፍሌ ውስጥ መብራቱን የማበራው እኔ፣ የማጠፋው እኔ። አንተ ሸክም መሆንን ትፈራለህ፤ እኔ ደግሞ ገብቼ እንዴት ዋልሽ የሚለኝ ሰው ናፈቀኝ። ይሄ ሸክም ከሆነ ልሸከመው።

ሴትየዋ ሌላም ነገር አጫውታኛለች። በጭላዳ መንጋ ወዴት እንደሚኬድ የሚቆርጡት ሴቶቹ ናቸው፣ ወንዱ ጎፈሩን እያስነፈሰ ይከተላል ብለሃቸዋል። ይህን ለፈረንጅ አስተምረህ ለራስህ አለመማርህ ይገርማል።

ስለዚህ እኔ ቆርጫለሁ። ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ። በግ ይታረድ፣ ዘመድ ይሰብሰብ አላልኩም፤ እሱ ይቆየን። ዘመድ ከከበበንማ አንተ ተጫዋች ሆነህ ታመሻለህ፣ እኔም ስስቅ አመሻለሁ። በምትሠራበት ድርጅት በኩል እንደማንኛውም ቱሪስት ለሦስት ቀን የእግር ጉዞ ተመዝግቤያለሁ። አስጎብኚ ምረጡ የሚለው ላይ ያንተን ስም ጻፍኩ። ባሏን በዶላር የተከራየች ሴት ብለህ ለበቅሎ ነጂው አውራልኝ። ቦት ጫማም ገዝቻለሁ፤ እግሬ እንዲለምደው እያደረግሁት ሥራ ስሄድ ጋሼ ተክለብርሃን «ወታደሯ መጣች» ይሉኛል።

እውነቱን የምትናገረው አብሮህ ለሚሄድ ሰው ከሆነ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። ቁጭ በሉ የምትላቸው ቦታ ቁጭ እላለሁ፤ አፌንም እገጥማለሁ። አንተም በዚያች ሰዓት አትሳቅልኝ። ለእነሱ ያልከውን ለእኔ ድገምልኝ። ለሰኔው ቀጠሮ እደርሳለሁ ካልክ ደስ እያለኝ እሰማሃለሁ። አልሄድም ካልክም ከአፍህ ልስማው።

የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። መድኃኔዓለም ከገደሉ አፍ ይጠብቅህ፤ ጉምና ጭጋጉን ገልጦ በሰላም ያገናኘን።

የአንተው ሙሉዬ

ልረሳው ነበር፤ ፀዲ ትኬቴን ስትቆርጥ፣ «የመመለሻሽ ቀን መቼ ይሁን?» አለችኝ። ለጊዜው ክፍት ተዪው አልኳት።