በገጽ መቶ አርባ ሦስት ሕመም ስላረፉት የስልክ ፕሮግራም መመሪያ

ከስልክ ፕሮግራም ሠልጣኞች ማኅበር (አባላት ሰባት፣ ወንበር አምስት) ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች፣ ለማኅበሩ አባላት፣ እንዲሁም ደውሎ መልስ ላጣ ሕዝብ ሁሉ

በሥልጠና ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ለሦስት ዓመት ተንሰራፍተው የኖሩት፣ ባለ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽና ባለ ቀይ ሽፋኑ «የስልክ ፕሮግራም አጻጻፍ መመሪያ ለጀማሪዎች» ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ፣ ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ በድንገት አርፈዋል። ማኅበራችን የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ሊገልጽ ፈልጎ ነበር። ሐዘኑ ተፈልጎ ሊገኝ ባለመቻሉ ግን ይቅርታ እየጠየቀ፣ ያለውን ይገልጻል። ያለውም ንዴት ነው።

ሟቹ የተወለዱት ከሦስት ዓመት በፊት ከክፍላችን አለቃ ነው። አለቃችን ከወዲህም ከወዲያም ለቃቅመው አዘጋጇቸው፣ አሳተሟቸው፣ ከዚያም «ይህን ያነበበ ሌላ መጽሐፍ አያስፈልገውም» ብለው አደሉን። በጀርባ ሽፋኑ ላይ የአለቃችን ፎቶግራፍ አለ፤ የስልክ እጀታ ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ ሩቅ ያያሉ። ገመዱን በጣት ብትከተሉት ወርዶ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ያልቃል፤ የትም አልተሰካም። ያኔ ሳቅን እንጂ አላስተዋልንም። ነገሩ ሁሉ እዚያች ፎቶ ላይ ነበር።

የሟቹን አገልግሎት በአጭሩ ለመዘርዘር ያህል፦

በመጀመሪያው ዓመት፣ ምዕራፍ አንድ። ሟቹ «ስልክ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሠላሳ አራት ገጽ ሰጥተዋል። ለሥልጠናው የተመዘገብነው ሰባታችንም ስልክ ይዘን ነበር የመጣነው።

በዚያው ዓመት፣ ምዕራፍ ሁለት። እውነት እንናገርና እዚህ ላይ አንድ ሥዕል አለ። ጥሪ ከአንዱ ስልክ ተነሥቶ በሰርቨሩ (ጥሪ በሚያገናኘው ኮምፒውተር) በኩል እስከ ሌላው ስልክ እንዴት እንደሚሄድ በቀስት ያሳያል። ጥሩ ሥዕል ነው። ጎበዝ ሥዕል ነው። ማኅበሩ ቀዶ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ የሟቹ የተረፈ አካል እሱ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ከምዕራፍ ሦስት እስከ አራት። እዚህ ኮድ ይጀምራል፤ ሟቹም ማጠር ይጀምራሉ። አምስት መስመር ይጽፉና «ቀሪው ግልጽ ነው» ይላሉ። ሌላ ሦስት መስመር፣ «ቀሪው ግልጽ ነው»። ቆጥረነዋል፤ አሥራ ዘጠኝ ቦታ ነው። ለማን ነው ግልጽ? ባትሪ የምንለው ጓደኛችን (ቶሎ ስለሚያልቅበት ነው፤ ከምሳ በኋላ አይገኝም) አንድ ቀን ደፍሮ አለቃችንን ጠየቃቸው፦ «ጋሼ፣ ይቺ ቀሪው የምትባለዋ የት ነው የተጻፈችው?» «ግልጽ ነው እኮ» አሉት። ተመልሶ ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት፣ ምዕራፍ አምስት። ደዋይን በቁጥር የሚያስተናግድ መልእክት አሠራር፤ «ለዚህ አንድን ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ» የሚባለው። በሟቹ ምሳሌ ዘጠኝን የተጫነ ሰው ከሠራተኛ ጋር መገናኘት ሲገባው ወደ መጀመሪያው መልእክት ይመለሳል። ባትሪ እንዳለ ገልብጦት ለሙከራ እናቱን አስደወላቸው። ሴትዮዋ ጨዋ ናቸው፣ ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝን ተጫኑ። ማታ ቤት ሲገባ «ልጄ፣ ያቺ የምትናገረው ልጅ ምን ሆናለች? ጆሮዋን ያማታል መሰለኝ፤ ‹ሰው አገናኚኝ› ስላት እንደ አዲስ ትጀምራለች» አሉት።

እስከዚህ ድረስ ሟቹ ያደረሱት ጉዳት በእኛው ላይ ነበርና ችለነዋል። የማንችለው ምዕራፍ ሰባትን ነው።

ምዕራፍ ሰባት ስለ ሙከራ ነው። ገጽ አንድ መቶ አርባ ሦስት ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በሳጥን ተከቦ እንዲህ ይላል፦ «ከጎንዎ ካለው ስልክ ይደውሉ። ከተሰማማችሁ ሥራው አልቋል።»

ባለፈው ወር አንድ ክሊኒክ ሕመምተኞች ነርስ የሚያነጋግሩበት መስመር እንድንሠራለት ጠየቀ። ሥራው የተሰጠው ሹክሹክታ ለምንላት እህታችን ነው። ስሟ የወጣው ድምጿ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው፤ ስታስነጥስ እንኳ ይቅርታ የጠየቀች ይመስላል። ከሰባታችን ግን ኮድ መጻፍ የምትችለው እሷ ናት፤ እኛ ከእሷ እንቀዳለን። መመሪያውን ተከትላ ሠራች። በገጽ መቶ አርባ ሦስት መሠረት ከጎኗ ካለው ስልክ ደወለች። ጥርት ብሎ ተሰማ። አለቃችን «አልቋል» አሉ፤ መስመሩም ተከፈተ።

በአራት ቀን ስልሳ አንድ ሰው ደወለ። ስልሳ አንዱም ነርሷን ሰሟት። ነርሷ ግን አንዱንም አልሰማችም።

ምክንያቱን ሟቹ ስላልነገሩን እኛ እንንገራችሁ። ጥሪው የሚገናኝበት መንገድ ሌላ፣ ድምፅ የሚሄድበት መንገድ ሌላ ነው። ጥሪው ሲገናኝ ሰርቨሩ ለደዋዩ «ድምፅህን እዚህ አድራሻ ላክልኝ» ይለዋል። የእኛ ሰርቨር የሚሰጠው የቤት ውስጥ አድራሻውን ነበር። ለአንድ እንግዳ መንገዱንም ሰፈሩንም ሳትነግሩት «በግራ በኩል ሦስተኛው በር ነው» እንደማለት። ቤት ውስጥ ላለ ሰው ልክ ነው፤ ሦስተኛውን በር ያውቀዋል። ከውጭ የደወለ ሰው ድምፁን ይልካል፣ ይልካል፣ የትም አይደርስም። በመመሪያው ውስጥ ደግሞ ከውጭ የሚደውል ሰው የለም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ሁሉም ደዋይ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ደዋዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ አጠገቡ ላለው ሰው ይደውላል። ምን ሊለው እንደሚደውልለት እግዜር ይወቀው።

በአራተኛው ቀን አንዲት እናት የሚያተኩሰውን ልጇን አዝላ በእግሯ ክሊኒኩ ደረሰች። ሦስት ጊዜ ደውላ ሦስት ጊዜ ተዘግቶባታል። ነርሷን «ስልካችሁ ሰው ይንቃል እንዴ?» አለቻት። ልጁ ታክሞ ድኗል። ጥያቄዋ ግን እስከ መሥሪያ ቤታችን መጣ።

አለቃችን ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደባቸውም። «መመሪያውን ሳትከተል ቀርታ ነው» ብለው እህታችንን ከሥራ አገዷት፤ የስንብቱ ጉዳይ ሐሙስ እንደሚወሰንም በደብዳቤ ነገሯት። እሷም ስህተቱ ከየት እንደመጣ በሁለት ገጽ ጽፋ አስገባች። ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ «ገጽ 143ን አንብቢ» ተብሎበት ተመለሰ። አነበበችው እኮ! አንብባው ነው እዚህ የደረሰችው! ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፤ እሷ ግን ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቤቷ ሄደች። በደመወዟ ታናናሾቿ ይማራሉ፤ ይህን ያወቅነው ከእሷ ሳይሆን ከባትሪ ነው።

በዚህ ጊዜ ማኅበሩ ሦስት አባላት ያሉት ገምጋሚ ኮሚቴ አቋቁሞ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበበ። ከኮሚቴው በፊት ሙሉውን ያነበበ ሰው አለመኖሩን፣ ከገጽ ሁለት መቶ ወዲያ ገጾቹ ሳይከፈቱ ተጣብቀው መገኘታቸው ይመሰክራል። የኮሚቴው ውሳኔ አጭር ነው፦ የስልክ ሥራ ሊማር የሚፈልግ ሰው ይህን መጽሐፍ ቢያገኝ ምዕራፍ ሁለትን ቀዶ ይያዝ፤ ቀሪው ግልጽ ነው።

ውሳኔውን ለአለቃችን ብንሰጣቸው እንደማያነቡት አወቅን። ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት የበሩን ዘበኛ፣ አጎታችን የምንላቸውን፣ ላክንባቸው። «ጋሼ፣ ውጭ መጽሐፍዎን የሚያስፈርሙ ሰዎች ቆመዋል» አሏቸው። አለቃችን ኮታቸውን ቆልፈው፣ ፀጉራቸውን በመዳፋቸው አስተኝተው፣ ሟቹን በብብታቸው፣ እስክሪብቶ በእጃቸው አድርገው ወረዱ። መንገድ ላይ የጠበቅናቸው ሦስት ሠልጣኞችና አንድ የእጅ ስልክ ነበርን።

«የታሉ ሰዎቹ?»

«እኛው ነን ጋሼ። ከመፈረምዎ በፊት የክሊኒኩን መስመር ከዚህ ይደውሉልን።»

ለሙከራ ጥሪው ወደ ሥልጠና ክፍላችን እንዲዞር አድርገን ነበር። ክፍሉ ከመንገዱ በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ባትሪ፣ ለዚያን ዕለት ብቻ ከምሳ በኋላ ተገኝቶ፣ ስልኩ አጠገብ ተቀምጧል። አለቃችን ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ደወሉ።

«ሃሎ፣ ምን እንርዳዎት?» አለ ባትሪ።

«እኔ ነኝ!»

«ሃሎ? ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ እኮ! አለቃህ ነኝ!»

«ይቅርታ፣ አይሰማም» አለና ዘጋው።

አራት ጊዜ ደወሉ። በሦስተኛው አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያይ ጀመር። በአራተኛው የአንገታቸው ሥር ተገትሮ «አ-ለ-ቃ-ህ ነ-ኝ!» ሲሉ፣ በሩ ሥር የሚቀመጠው ጫማ ጠጋኝ መርፌውን አቆመና «ጋሼ፣ ስልኩን ትተው ዝም ብለው ቢጣሩ አይሻልም? መስኮቱ እኮ ይኸው ነው» አላቸው። እውነቱን ነው። ጩኸታቸው በመስኮቱ በኩል ባትሪ ጋ ጥርት ብሎ ይገባ ነበር። በስልኩ ግን ምንም አልነበረም።

አለቃችን ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ። ሟቹን ከብብታቸው አውጥተው ገጽ መቶ አርባ ሦስትን ገለጡ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው በሩን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ የቆሙበትን ቦታ አዩ።

«ጋሼ፣ አሁን ይፈርሙልን» አልናቸው።

ሳጥኑን በአንድ መስመር ሰረዙት። ከሥሩ «ስህተቱ የእኔ ነው» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ቀንና ሰዓቱን አሰፈሩ። ሟቹ ያረፉት ያኔ ነው። የሞታቸው ምክንያት የወላጅ እጅ ነው።

የፈረሙበት ገጽ የዚያኑ ዕለት ከስንብት ደብዳቤው ረቂቅ ጋር ለአስተዳደር ቀረበ፤ ረቂቁ ተቀደደ። እህታችን ረቡዕ ጠዋት ወንበሯ ላይ ነበረች። አለቃችን በአጠገቧ ሲያልፉ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብለዋታል። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ከአፋቸው አልሰማናትም፤ ምናልባት ቃሏም የቤት ውስጥ አድራሻ ተሰጥቷት ይሆናል። ይልቁንም በሁለተኛው እትም እንደሚያስተካክሉት ተናግረዋል። ማኅበራችን ሁለተኛውን እትም አጥብቆ ይቃወማል። የሞተ ይረፍ፤ እኛም እንረፍ።

ስለሆነም ማኅበራችን በቁም ሳጥን ውስጥ ለሚገኙት አርባ ቀይ ወንድሞቻቸው መጽናናትን ይመኛል፤ እንዳይወጡም ቁልፉን ደብቋል። ለአለቃችን ደግሞ ገመዱ የተሰካ ስልክ ይመኛል።

እውነተኛውን ሐዘናችንን ግን የምንገልጸው ለእናንተ ነው፤ ለአራት ቀን «ሃሎ፣ ሃሎ» ብላችሁ ለተዘጋባችሁ ለስልሳ አንዳችሁ። ማንም አልናቃችሁም። ድምፃችሁን የትም የማያደርስ አድራሻ የሰጠናችሁ እኛ ነን፤ መጽሐፍ አምነን። ልጇን አዝላ የመጣችውን እናት በስማችን የሚያገኛት ቢኖር ይህን ይንገራት።

መስመሩ ከረቡዕ ጀምሮ ይሠራል። እህታችን አድራሻውን ካስተካከለች በኋላ ከጎኗ ካለው ስልክ አልደወለችም። ቦርሳዋን አንግታ ወረደች፤ ጫማ ጠጋኙን አልፋ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ ማዕዘኑ ጋ እስክትታጠፍ በመስኮት አየናት። ከዚያ ደወለች። ነርሷ አነሣችው። እኛም መስመሩን ወደ ክፍላችን ስበን፣ ድምፁን ከፍተን እያዳመጥን ሰባት ሰዎች በአምስት ወንበር፣ ይቅርታ፣ ስድስት ሰዎች፣ ስልኩን ከበብን።

«ሃሎ?» አለች ነርሷ።

«ይሰማል?» አለች እህታችን፣ በዚያች በምታውቋት ድምጿ።

«ይሰማል እህቴ፣ ይሰማል። ምንሽን ነው ያመመሽ?»



«አሁን እንኳ ምኔንም» አለች።