ሣጥኑ ሳይታሸግ

ረቡዕ

ለጽጌ መርዶ የመጡ መስሎኝ ነጠላዬን ደርቤ ወረድኩ።

ለሥራ ስለባብስ ነው በመስኮት ያየኋቸው። ፓርኪንጉ ውስጥ ሰባት መኪና ተደርድሯል። ሴቶቹ ነጠላ ለብሰዋል፣ ወንዶቹ እጃቸውን አጣምረው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ ውስጥ አበሻ በማለዳ እንዲህ ሆኖ የሚሰበሰበው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የጽጌ እናት አገር ቤት ከታመሙ ቆይተዋል፤ ጽጌ ደግሞ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። እንግዲህ ደረሰ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋታል ብዬ በሥራ ልብሴ ሮጥኩ።

ጽጌ እዚያው መሃላቸው ቆማለች።

"የማን መርዶ ነው?" አልኩ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ግርማ ብቻ ወደ እኔ መራመድ ጀመረ። ከዘመዶቼ እዚያ የሌለውን ሰው በዓይኔ መፈለግ ያዝኩ። ብዙ ዘመድ የለኝም። ፈልጌ ሳልጨርስ ጮህኩ።

ማህሌት ናት። ማሂዬ። ያለችኝ አንድ ልጅ እሷ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው።

ከጓደኛዋ ከሶሲ ጋር አየርላንድ ሄዳ የባሕሩን ዳርቻ እየዞረች ነበር። አልጋም ምድጃም ያለው ቫን ተከራይተው፣ ቀን እየነዱ፣ ማታ እዚያው ውስጥ እየተኙ። ሰኞ ጠዋት ሶሲ ብትቀሰቅሳት አልነቃችም። ልቧ ነው አሉ። ልቧን ታማ አታውቅም።

ሰኞ ነው ያሉት። ዛሬ ረቡዕ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀናት የሆነውን ልጻፈው፣ አለበለዚያ ያንቀኛል።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ መጥቶ "ስልክሽን አፕዴት ላድርግልሽ" ብሎ ወሰደው።

ሰኞ ከሰዓት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሽሮ ልገዛ ሄጄ ባለሱቋ አቅፋኝ አልለቅ አለች። ዛሬ ምን ነክቷት ነው ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ አለቃዬ "ነገ ባትመጪም ችግር የለም" አለችኝ። ጋሼ ደውሎላት ኖሯል።

ማክሰኞ ማታ የማሂን አልጋ በአዲስ አንሶላ አነጠፍኩ። እሑድ ትመለሳለች ብዬ። እያነጠፍኩ እዘፍን ነበር።

ልጄ ሞታ ሁለት ቀን ስቄያለሁ። ወጉ እንዲህ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ለሌሎች ደብቄ አውቃለሁ፣ ስልካቸውንም ቀምቼ አውቃለሁ። ደግ ያደረግኩ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ

ቤቱ ሞልቷል። ሳሎን ፍራሽ ተነጥፏል። አንዱ ይወጣል አንዱ ይገባል። ብዪ ይሉኛል። እንቢ እላለሁ።

ወንዶቹ ኩሽና ውስጥ ስልክ ላይ ናቸው። ጋሼ ለአንዱ ሲነግረው ሰማሁ። "ቅዳሜ ይታሸጋል፣ ሰኞ ይጫናል።" ከፍራሹ ተነሳሁ። ሴቶቹ ሊይዙኝ ሞከሩ።

"ምኑ ነው የሚታሸገው?" አልኩት።

ስልኩን በእጁ ሸፈነ። "ሣጥኑ ነው እህቴ። አንቺ ተቀመጪ፣ ይሄ የእኛ ጉዳይ ነው።"

"እዚህ ሲደርስ ይከፈታል?"

"አይከፈትም። እናት እንዲህ ያለ ነገር አታይም። በፎቶዋ ታስታውሻታለሽ።"

"ማን ነው የሚያጥባት?"

"እዚያ ሰዎች አሉ። ሥራቸው ነው።"

"የእኔም ሥራ ነው" አልኩ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው እናት አጥቤያለሁ። ሲሞቱም እኔ ነኝ የማጥባቸው፤ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይፈራሉ። የሰውን ሁሉ እናት ሳጥብ ኖሬ የገዛ ልጄን የማላውቀው ሰው አጥቦ ክዳን ሊገጥምባት ነው? አይሆንም። ቅዳሜ ሳይታሸግ እደርሳለሁ።

"በዚህ ሐዘን ላይ አውሮፕላን አትችይም" አለ ጋሼ።

"እችላለሁ።"

"እንግሊዝኛሽስ?"

"ከሞተ ሰው ጋር እንግሊዝኛ አይወራም።"

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ጽጌ ፊቷን አዞረች።

ፓስፖርቴን ልወስድ መሳቢያውን ብከፍት የለም። ጋሼን ጠየቅኩት። ለሬሳው ወረቀት ኮፒ ያስፈልግ ነበር፣ ቢሮ ረስቼው መጣሁ አለ። ወንድሜን ስልሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ሲዋሽ ጆሮውን ያክካል።

ስልኬን ግን መለሰልኝ። አንድ ያልሰማሁት የድምፅ መልእክት አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሆኜ የመጣ ነው። ከዚያ በቀጥታ ሥራ ገባሁ። ደክሞኝ ነበር፣ ጠዋት ተረጋግቼ እሰማዋለሁ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ጋሼ ስልኩን ወሰደው።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ሰማሁት።

"እማዬ! ዛሬ ድራይቭ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በግራ በኩል፣ ኢማጂን! አህያዋ ዳገት ላይ ቆመችብን።" ቫኗን ነው አህያዋ የምትላት። "ደግሞ በጎች መንገድ ዘጉብን፣ ሶሲ ወርዳ ኤክስኪውዝ ሚ እያለች ትለምናቸዋለች፣ ሃሃ። ባሕሩን ብታዪው... ኦኬ፣ ጥያቄ አለኝ። ሽሮው ጓጎለብኝ። ሶሲ ድንጋይ ነው ትላለች። ውሃው ሲፈላ ነው የምጨምረው አይደል? ቴል ሚ። ነገ የመሬቱ መጨረሻ ጋ ነን፣ ላይት ሃውሱ። እዚያ በደንብ ሠርቼ ፎቶ እልክልሻለሁ። ላቭ ዩ፣ ባይ።"

አራት ጊዜ ሰማሁት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር። እሱንም አልመለስኩላትም።

ዓርብ

ጠዋት ሶሲ ጋ ደወልኩ። ሶሲ እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደች ናት፣ አማርኛዋ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቫኗን ማሂ ያረፈችበት የቀብር ቤት በር ላይ አቁማ እዚያው ውስጥ ታድራለች። ወላጆቿ ነይ ቢሏት እንቢ አለች።

"አንቲ፣ አይም ኖት ሊቪንግ ሄር" አለችኝ። "ብቻዋን አልተዋትም። አንቺ ነይ። ፕሊስ።"

"የቀብር ቤቱን ሰውዬ ጠይቂልኝ። ይጠብቀኛል?"

ሄዳ ጠየቀችው። ቅዳሜ እስኪመሽ እጠብቃለሁ ብሏል።

የሚጠብቀኝ ሰው አለ፣ ቀኑም አለ። የጎደለው ፓስፖርት ነው።

አራት ሰዓት ላይ አዲሱ ቄስ ሊያጽናኑኝ መጡ። የንስሐ አባቴ አገር ቤት ስለሄዱ ነው እሳቸው የመጡት። ከሌላ ስቴት ከተዛወሩ ገና ሁለት ወራቸው ነው፣ በደንብ አንተዋወቅም። መስቀል አሳለሙኝና ሰው ሁሉ ተቀመጠ።

"በርቺ ልጄ" አሉኝ። "ከሰኞ ጀምሮ ጸሎት አልተቋረጠም። ወንድምሽ በነገሩን ጊዜ ወዲያው ፍትሐት አድርሰናል። በየቅዳሴውም ነፍሰ ወለተ ሥላሴን እያልን እያሰብናት ነው።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።

"አባታችን" አልኩ፣ "ወለተ ሥላሴ እኮ እኔ ነኝ።"

ቄሱ ወደ ጋሼ ዞሩ፤ ጋሼ ወደ መሬት ዞረ። የልጄን ክርስትና ስም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔን ደግሞ መጠየቅ አልቻሉም፣ እየደበቁኝ ነው። ስለዚህ ጋሼ ያስታወሰውን ስም ሰጠ። የእኔን። እኔ አልጋ እያነጠፍኩ ስዘፍን፣ ቤተ ክርስቲያን የእኔን ነፍስ ስታሰናብት ነበር። የልጄ ነፍስ ግን አምስት ቀን ሙሉ ስሟ አልተጠራም።

ጽጌ ናት መጀመሪያ ያመለጣት። በነጠላዋ አፏን ብትይዝም ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። "አንቺ እኮ ተፈትተሽ አልቀሻል" አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ልቅሶ ሆነ፣ ሁላችንም አለቀስን። ቄሱም።

ሲበርድልኝ "ጋሼ" አልኩት፣ "እንግዲህ የእኔ ጉዳይ አልቋል፣ አውሮፕላኑ ምንም አያደርገኝም። ፓስፖርቴን ስጠኝ።"

ከኮቱ የውስጥ ኪስ አወጣው። ቢሮ የተባለው እዚያ ኖሯል። "እሷን አይተሽ አንቺንም እንዳላጣሽ ብዬ ነው" አለ። እንደዚያ መሆኑን አውቃለሁ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት። ታላቄ ነው።

ለቄሱ ትክክለኛውን ስም ሰጠኋቸው። በብጣሽ ወረቀት ጽፈው መስቀላቸው ላይ ጠቀለሉት። "ዛሬ እንደ አዲስ እንጀምራለን" አሉ።

ጽጌ በስልኳ ቲኬት ቆረጠችልኝ። ሻንጣዬ ውስጥ የከተትኩት፦ አዲስ ነጠላ፣ የማሂ ነጭ ቀሚስ፣ ማበጠሪያ፣ የምትወደው ሎሽን፣ ሰኞ የገዛሁት ሽሮ፣ ይህ ደብተር። ኤርፖርት ጋሼ ራሱ አደረሰኝ። ስንለያይ "ሳሚልኝ" አለኝ።

ቅዳሜ

ደረስኩ። ሣጥኑ ክፍት ነው።

ሶሲ በአህያዋ መጥታ ከኤርፖርት ወሰደችኝ። አቅፋኝ "አንቲ ሶሪ፣ አንቲ ሶሪ" ትላለች። ምንም አላጠፋሽም አልኳት። ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ጠረፍ ሦስት ሰዓት ተኩል ነዳች። ለአምስት ቀን በደንብ ያልተኛች ልጅ። እንዳትተኛ እያልኩ የማሂን የልጅነት ነገር ሁሉ ነገርኳት።

የቀብር ቤቱ ሰውዬ ረጅም ነው፣ ቀስ ብሎ ያወራል። አሮጊት እናቱ ማሂዬ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። በየቀኑ እየመጣች ትቀመጥ እንደነበር ሶሲ ነገረችኝ። በእነሱም አገር ሬሳ ብቻውን አይተውም ኖሯል። ስሟን አልያዝኩትም። ሦስት ጊዜ ጉንጯን ሳምኳት፤ በሁለተኛው ልትሄድ ስትል መለስኳት።

የሞቀ ውሃ ጠየቅኩ። ሰውየው ሊረዳኝ ፈለገ፤ ሶሲ "ሥራዋ ነው" አለችው።

በሥራችን አንድ ደንብ አለ። ማንንም ከመንካታችን በፊት የምናደርገውን እንነግረዋለን። ባይሰማም፣ ቢሞትም። ስለዚህ ነገርኳት። ማሂዬ፣ እናትሽ ነኝ፣ አሁን ፊትሽን ነው። አሁን አንገትሽን። አሁን ቀኝ እጅሽን። አውራ ጣቷ ላይ ትንሽ ቃጠሎ አየሁ። ምድጃው ነው፣ ያ ሽሮ። እሱ ላይ ቆየሁ።

ፀጉሯን ሹሩባ ሠራኋት። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ አላስነካም ብላኝ ነበር። ነጩን ቀሚስ አለበስኳት፣ በነጠላው ሸፈንኳት። ለጋሼ ሳምኳት። ለእኔም።

ሰውየው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ዝጋው ያልኩት እኔ ነኝ።

እሑድ

አውሮፕላኑ ነገ ነው። ሶሲ ቫኗን እስከ ማታ መመለስ አለባት። ላይት ሃውሱ ስንት ሰዓት ነው አልኳት። ሁለት አለች። እንሂድ አልኩ።

በማሂ ወንበር ተቀመጥኩ። መንገዱ ለአንድ መኪና አይበቃም፤ ባንድ በኩል ድንጋይ፣ ባንድ በኩል ገደልና ባሕር። በየመታጠፊያው በስመ አብ እላለሁ። ሶሲ ቆጠረችልኝ፣ ሠላሳ አንድ ደርሰሻል አለች። ዳገት ላይ አህያዋ እንደ ልማዷ ቆመች። ወርጄ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ሸጎጥኩ። ሶሲ "ይሄን የት ተማርሽ?" ትላለች። አገር ቤት ይሄን የማያውቅ ተሳፋሪ የለም።

በጎቹንም አየኋቸው። መንገዱን ዘግተው አስቆሙን።

ላይት ሃውሱ፣ ለመርከብ የሚያበራው ማማ፣ ነጭ ነው። ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ይታገላል። ከዚያ ወዲያ መሬት የለም። ልጄ ሰኞ እዚህ ልትቆም ነበር። ቆምኩላት።

ዝናብ ሲጀምር ቫኗ ውስጥ ገባን፣ ምድጃውን ለኮስኩ። ሽሮ ሠራሁ። የማሂ ድስት ነው፣ ከሥሩ የእሷ ያረረ ሽሮ አለ። አልፈገፈግኩትም። ሶሲ ሁለት ሳህን በላች። እኔም ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በላሁ።

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ መልስ ላክሁላት። "ማሂዬ፣ የፈላ ውሃ ላይ አይጨመርም። አስቀድመሽ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው። ከዚያ እያማሰልሽ፣ እሳቱን ቀንሰሽ።" ላክሁት። አልጋው ሥር ካለው ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ሶሲ ቻርጅ እያደረገች ነበር ያቆየችው። ሁለታችንም ተያየን።

ነገ ከልጄ ጋር አብረን እንመለሳለን። እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ። ያነጠፍኩትን አልጋ ምን እንደማደርገው አላውቅም። መቼ ሥራ እንደምመለስ አላውቅም። ያቺን ደንብ ስናገር ድምፄ ይወጣ እንደሆነ አላውቅም። እጆቼ ግን ዛሬ አርፈዋል።

ይህን ደብተር የምታነቡ ሰዎች፣ ማን እንደምትሆኑ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፣ ለልጄ ነፍስ ይማር በሉልኝ። ስትጸልዩ ግን እንደ ጋሼ እንዳትሳሳቱ፣ እኔ ገና አለሁ። አምስት ቀን ስሟ ሳይጠራ የቆየችው ወለተ ሐና ናት። ወለተ ሐና በሏት።