የጤነኞቹ ናሙና

እህት ዓለም፣ ከነልጆችሽ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ላቦራቶሪያችን አንድ ሆርሞን በሽታ ተከላካይ ሴሎችን ምን እንደሚያደርግ እያጠና ነው። ከካንሰር ታማሚዎች ደም ጋር የሚነጻጸረውን የጤነኛ ደም የምንሰጠው እኛው ሠራተኞች ነን። ማክሰኞ ሆርሞኑ ሲጨመርባቸው የባልደረቦቼ ሴሎች ነቁ፤ የእኔዎቹ ግን እንደ ታማሚዎቹ ፈዘው ቀሩ። አለቃዬ «ናሙና አቀያይረሽ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። በአስራ አንድ ዓመት አንድም ቀን አቀያይሬ የማላውቀው እኔ «አዎ፣ ይቅርታ» አልኩት። ሐሙስ ደግሜ ሰጠሁ፤ ያው ሆነ። አለቃዬ ወንበር ሳበልኝ። ምነው በጮኸብኝ!

ለመሆኑ እማዬን ሕመሙ ሲጀምራት ስንት ዓመቷ ነበር? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እስክንገናኝ ጤናሽን ጠብቂ፤ የእኔን ተዪው።

ታናሽሽ