አቡጀዲው ከተቀደደ በኋላ

ቢቸና፣ ግንቦት ፳፫ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣
ሞጣ።

ወንድም ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎ አሁንም ራፖር ሲጽፉ ያለቅሳል ወይስ ተሻለዎት? እትዬ አምሳለችና ልጆቹ እንዴት ከርመዋል? እኔ የተማሪዎቼ ፈተና ከመድረሱና ዝናቡ ከመቸኮሉ በቀር ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነኝ። ሰላምታውን ያስቀደምኩት እናታችን እንዲህ አድርጋ ስላሳደገችን ነው። ልቤ ውስጥ ብፈልግ ሰላምታ አላገኘሁም።

ሰው መላክዎን ይተዉ። ውበቴ እኔ ዘንድ ናት። ጆሮዋ የማይሰማ፣ አፏ የማይናገር፣ መንገድ መጠየቅ የማትችል እህታችን ከሞጣ ቢቸና ሦስት ቀን በእግሯ ተጉዛ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደጄ ላይ ደረሰች። እግሯ ቆስሏል። ነጠላዋ ጭቃ ብቻ ሆኗል። እንዴት እንደመጣች በእጇ ነገረችኝ። ግንደወይን ስትደርስ እጇን እያሽከረከረች የፊልሙ ማሽን ያለበትን አገር ብትጠይቅ፣ አንዲት ጠላ ሻጭ ወፍጮ የምትፈልግ መስሏት ይዛት ሄዳ ወፍጮ ቤት አቆመቻት። ይህን ስታሳየኝ ውበቴ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ ነጠላዋን በሁለት እንጨት መካከል ወጥራ የጣቷን ጥላ ብታንቀሳቅስበት፣ ፋንታ የሚባለው የኛው አገር የበቅሎ ነጋዴ በዚያ ሲያልፍ አያትና፣ ይቺማ የቢቸናዋ የፊልም ልጅ ናት ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ይዟት መጣ። ባዕድ ሰው ያወቃትን ያህል የእናቷ ልጅ አላወቃትም።

እርስዎ ሞጣ ገብተው ያወሩትን ሰምቻለሁ። አስተማሪዋ እህቴ ድዳዋን ሰው ፊት አቁማ የሰይጣን ሥዕል እያሳየች መሳቂያ አደረገቻት ብለዋል አሉ። ለንስሐ አባትዎም ተናግረዋል፣ ለዕድሩም ተናግረዋል። እንግዲህ የእኔን ደግሞ ይስሙ።

አስቀድሜ የራሴን ኃጢአት ልናገር፣ በኋላ እንዳይመዙብኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ውበቴን ወደ ቢቸና ሳመጣት ለአስተማሪዎቹ ሠራተኛዬ ናት አልኳቸው። እህቴ ናት ለማለት አፈርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ የእናቴን ልጅ ውኃ እያስቀዳሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እያስገባሁ ኖርኩ። ከዚያ ጓዳ ያወጣት እርስዎ የሰይጣን ሥዕል ያሉት ነገር ነው።

ከደሴ ተመድቦ የመጣ ገላው የሚባል የሳይንስ አስተማሪ አለን። ከእሱ በፊት የነበረው ፈረንጅ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ በእጅ የሚዞር አሮጌ የፊልም ማሽንና ሦስት ፊልም ትቶለት ሄደ። ፊልሞቹ ሲኒማ ገና ድምፅ ባልነበረው ዘመን የተሠሩ ናቸው። ሰዎቹ ያወራሉ፣ ቃላቸው ግን አይሰማም፤ በየመሐሉ ጽሑፍ ብቅ ይልና ያሉትን ይነግራል። ገላው አንድ ክፍል ውስጥ አቡጀዲ ወጥሮ፣ መስኮቱን በጆንያ ጋርዶ፣ መብራቱን ከመኪና ባትሪ አገናኝቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ያሳይ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ሰው ተቆጣ። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የገባው ድሬሰራችን ወልደ ኪዳን፣ ድዳ ፊልም ማን ቁጭ ብሎ ያያል ብሎ ጥሎ ወጣ። ቃሉ አልለቅ አለኝ። በሳምንቱ ውበቴን ይዤ ሄድኩ።

የዚያን ቀን የታየው የአንድ ፖስተኛ ታሪክ ነበር። ደብዳቤ የሚጽፍላት ዘመድ የሌላት ሴት በየቀኑ በሯ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ፖስተኛው አንጀቱ አልችል ቢለው ራሱ እየጻፈ ያመጣላት ጀመር። ሴትዮዋ ተቀብላ ስታመሰግነው ገላው ጽሑፉን ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ ማን እንደጻፈልኝ ባወቅሁ ትላለች ብሎ አነበበልን። ውበቴ ክንዴን ይዛ ነቀነቀችኝ። ጣቷን ወደ ሴትዮዋ፣ ከዚያ ወደ ፖስተኛው፣ ከዚያ ወደ ዓይኗ አደረገች። ታውቃለች ማለቷ ነው። ለገላው ብነግረው፣ የለም ጽሑፉ እንዲያ አይልም አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ሴትዮዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ስታውቅ ኖራለች! ገላው ማሽኑን ትቶ ዞሮ አያትና፣ ለመሆኑ ይቺ ሠራተኛሽ ማን ናት ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ነው በሰው ፊት እህቴ ናት ያልኩት።

ከዚያ ወዲህ ውበቴ አቡጀዲው አጠገብ እየቆመች በእጇና በፊቷ ትተርክ ጀመር፤ ገላውም ማንበቡን ተወ። ፈረንጅኛ የማያውቀውም፣ ፊደል ያልቆጠረውም እኩል ተረዳ። በዲማ ቅኔ የተቀኙት መሪጌታ ገብረ ኪዳን ሳይቀሩ ደቀ መዛሙርታቸውን አስከትለው መጡ። ጽሑፉ ሰሙ ነው፣ ወርቁ ፊታቸው ላይ ነው፤ ይቺ ልጅ ያለ መምህር ወርቁን ታወጣዋለች አሉ። ሁለተኛው ፊልም ባሎቻቸው ባሕር የገቡባቸው የዓሣ አጥማጅ ሚስቶች ታሪክ ነው። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ሴቶቹ ገደል ላይ ቆመው የሚመለሱትን ጀልባዎች ይቆጥራሉ። እኛ ባሕር አይተን አናውቅም። ዓባይ ሰው ሲወስድ ግን ማን ያላየ አለ? ባላቸውን ዓባይ የወሰደባቸው እማሆይ ወለተ ገብርኤል ከመቀመጫቸው ተነሥተው ውበቴን አንገቷን አቅፈው ሳሟት። በሃያ ሁለት ዓመቷ ሰው ፊት አንገቷን ያቀፋት ሰው መጀመሪያ እሳቸው ናቸው። መሳቂያ የሆነችው እንዲህ ነው።

አሁን እርስዎ ወደመጡበት ቅዳሜ ልለፍ።

ለመሬቱ ክርክር ቢቸና እንደገቡ አላወቅሁም ነበር። የሚታየው ሦስተኛው ፊልም፣ የመስተዋት ሠሪው ቤተሰብ ታሪክ ነው። ከማሽኑ በስተኋላ ቆሜ ስለነበር በሩ ሲከፈት አላየሁም። ፊልሙ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ብርጭቆ ሰበረች፤ የመስተዋት ሠሪው ልጅ እጁን አነሣ። ይኸው ነው። እጁ ሲያርፍ እንኳ አይታይም፤ የሚታየው መሬት ላይ የተበተነው ስባሪ ነው።

ውበቴ ፊልሙን መተረክ ተወች።

ቁጭ አለችና ጉልበቷ ላይ ብራና እንደዘረጋ ሰው ሆነች። ከዚያ አንዲት ትንሽ ልጅ እየሮጠች መጥታ የቀለሙን ቀንድ ስትደፋበት አሳየች። ቀጥላ በአንዱ ጣቷ መዳፏ ላይ ጻፈች። ይህ በቤታችን የማን ስም እንደሆነ ያውቃሉ፤ ተማሪ ከነበሩ ጊዜ ጀምራ ሌላ ስም አልሰጠችዎትም። ከዚያ እጅ ተነሣ። ከዚያ የወደቀችበት የደጁ ድንጋይ። ሁለት መዳፏን ጆሮዎቿ ላይ አደረገች፣ አወረደቻቸው፣ መዳፏን አየች፣ እንደገና አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እንደ እናታችን በነጠላዋ ጫፍ ድንጋዩን ጠረገች፣ ጠረገች፣ ቀና ብላም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ሰው የፊልሙ ክፍል መስሎት ጸጥ ብሎ ያይ ነበር። እኔ ያን ዘመን ደብረ ማርቆስ አክስታችን ዘንድ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ለበዓል ስመለስ ውበቴን ማጅራት ገትር ያዛት፣ ጆሮዋን ወሰደው አላችሁኝ። እናታችን ያለችኝ ይህንኑ ነው፤ እርስዎ ያሉኝም ይህንኑ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ ይህንኑ መልሻለሁ። የእጇን ቋንቋ አጥርቼ የማውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዞር ስል እርስዎ በሩ ላይ ቆመዋል።

በተማሪዎቼ መካከል አልፈው አቡጀዲውን ከላይ እስከ ታች ቀደዱት። ማሽኑን በእግርዎ ገፉት። ሰው ፊት ልታዋርዱኝ ነው ብለው ጮኹ። አስተውለው ይሆን? ልታዋርዷት አላሉም፣ ልታዋርዱኝ ነው ያሉት። ክንዷን ይዘው እየጎተቱ ወሰዷት፤ እኔም እህትዎ፣ ስልሳ ልጅ የማስተምረው፣ ታላቅ ወንድሜ ነው ብዬ አፌን ይዤ ቀረሁ። በኋላ ሞጣ ላይ፣ ሲስቁባት ደርሼ ነው ብለው አወሩ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የሳቀ አንድ ሰው በስሙ ይጥሩልኝ።

ሞጣ ያደረጉትንም ነገረችኝ። እጇን ከነጠላዋ ሥር እንድታደርግ አዘዙ። ልጆችዎ በእጃቸው እንዳያናግሯት ከለከሉ። እርስዎ ምላሷን ነው ያሰሩት! ከግንደወይን ማዶ ሚስቱ ለሞተችበት ሽማግሌም ሰጧት፤ ድዳ ሚስት ምሥጢር አታወጣም ብሎ ደስ ብሎት ተቀበለ አሉ። ሽማግሌው ምን ምሥጢር እንዳለው አላውቅም። ያደረጉት ለማን ብለው እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ውበቴ የሄደችው የቃል ኪዳኑ ቀን ሊቆረጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ሽማግሌውን ነገሩ ቀርቷል ብለው ይንገሩት። ካልነገሩት እኔ እጽፍለታለሁ፤ ጽሕፈት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ እንዴት እንደምጽፍ ያውቃሉ። እዚህ ሰው ሰደው እወስዳታለሁ ካሉም መሪጌታም፣ እማሆይም፣ ገላውም፣ ድዳ ፊልም አላይም ብሎ የወጣው ድሬሰር ሳይቀር ደጄ ላይ ይቆማሉ። እግሯን እያጠበ የሚያክምላት እሱ ነው።

ገላው አቡጀዲውን ሰፍቶታል። ስፌቱ በመካከል ስለሚያልፍ በሰዎቹ ፊት ላይ እንደ ጠባሳ ይታያል፤ ቢሆንም ይታያል። ማሽኑም አንድ ጥርሱ ተሰብሮ ነበር፣ አንጥረኛ አበጀው። ሰኔ ፭ ቀን፣ ከጰራቅሊጦስ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ያቋረጡትን ፊልም እስከ መጨረሻው እናሳያለን። ከዚያ ገላው በዕረፍቱ ሦስቱንም ይዞ ወደ ሞጣ ትምህርት ቤት ይመጣል። ይዩ ብዬ ልለምንዎ አልፈልግም ነበር፤ ግን ተምረዋል፣ ቅኔም ዘልቀዋል፣ ሳያዩ መፍረድዎ ያናድደኛል። ቢያዩ በፖስተኛው ይጀምሩ፤ ቀላልና ደግ ነው፣ ያስቅዎታልም። ቀጥሎ የባሕሩን ይዩ። ለጽሑፉ አይቸኩሉ፣ አፋቸውንም አይከተሉ፤ እጃቸውን ይዩ፣ ሴቶቹ ጀልባ ሲቆጥሩ ጣታቸው የት ላይ እንደሚቆም ይዩ። ድምፅ ያለው ፊልም ሰውን በቃል ይደልለዋል። በዚህ ውስጥ ግን ማንም ዋሽቶ አያመልጥም። የመስተዋት ሠሪውን መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ በሩ ላይ ቆመው ሳይሆን እንደ ሰው ተቀምጠው ይዩት። እርስዎ ሲወጡ ገና ሁለት ጥቅል ይቀረው ነበር። በቀረው ውስጥ ምን እንዳለ አልነግርዎትም።

ይህን ስጽፍ ውበቴ ከአጠገቤ ናት። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ መዳፌ ላይ ጻፍኩላት። ቁጣዬን ፊቴ ላይ አየች። እኔ እንድትሳደብ ጠብቄ ነበር፤ የምትለውን ሁሉ ሳላስቀር ልጽፍልዎ ብዕሬን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከእንግዲህ ሰው ጆሮዋ እንዴት እንደጠፋ ሲጠይቅዎ፣ ማጅራት ገትር ነው እንዳይሉ። ምን ይበል ታዲያ ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች። እሱ ያውቃል ማለቷ ነው።

ለእትዬ አምሳለች የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳት። ለልጆችዎ እጃቸውን ይልቀቁላቸው፤ አክስታቸውን ሊያናግሩ ይፈልጋሉ። ዕድሜ ይስጣቸው፣ እህሉንም ከበረዶ ይጠብቅላችሁ። ለእርስዎም ፈጣሪ አንደበት ይስጥዎ።

የእናትዎ ልጅ፣
ታናሽ እህትዎ።